አርማታ ከመሞላቱ በፊት፦ ስለ ኮለን ስታፋ አስቸኳይ ምክር እሻለሁ

ለእናቴ አዳማ ላይ ባለ ሁለት ፎቅ ቤት እያሠራሁ ነው። በንድፉ ላይ ከቢም (ከአግዳሚው ተሸካሚ) ጋር በሚገናኙት የኮለን (የምሰሶ) ጫፎች ስታፋው፣ ማለትም ቋሚውን ፌሮ ዙሪያውን የሚያቅፈው ቀጭን ብረት፣ በየ10 ሴንቲ ሜትር እንዲታሰር፣ ጫፉም ወደ ውስጥ 135 ዲግሪ እንዲታጠፍ ተጽፏል፤ ሠራተኞቹ ግን ከታች እስከ ላይ በየ20 ሴንቲ ሜትር፣ በ90 ዲግሪ አጥፈው አስረውታል። ፎርማኑ አርማታው ጠንካራ ከሆነ ለውጥ የለውም ይላሉ። እኔ ግን በመሬት መንቀጥቀጥ ጊዜ የኮለኑ የውጭ አርማታ ሽፋን ሲረግፍ በ90 ዲግሪ የታጠፈው ስታፋ እንደሚከፈት፣ ያን ጊዜም ቋሚው ፌሮ ወደ ውጭ ጎብጦ ኮለኑ እንደሚደቅቅ አንብቤአለሁ። በ2017 ዓ.ም. ከአዋሽ ፈንታሌ በኩል የመጣውን ንዝረት እዚሁ ሆነን ስለቀመስነው፣ የቤቱ ምድር ወለልም ለሱቅ ተብሎ ግድግዳ የሌለው በመሆኑ ስጋቴ በርትቷል። የታሰረው ሳይፈታ በመካከሉ በትክክል የታጠፈ ስታፋ መጨመር ይበቃል፣ ወይስ ሁሉም ፈርሶ እንደገና መታሰር አለበት? የሙያው ባለቤቶች እባካችሁ ምክራችሁን አትንፈጉኝ።