ሰርቩን ማን ይፍረድ፣ የኔ ዓይን ወይስ የስልክ ቪዲዮ?

የማርቆሱ መምህር፦
ሰላም ለሁላችሁ። ደብረ ማርቆስ የስፖርት መምህር ነኝ። ቅዳሜ በተማሪዎች የባድሚንተን ግጥሚያ የሰርቭ (የማስጀመሪያው ምት) ዳኛ ነበርኩ። 19 ለ 19 ላይ አንዲት የ10ኛ ክፍል ልጅ ሰርቭ አደረገች። ትክክል ነው ብዬ ዝም አልኩ። ነጥቡን ወሰደች፣ ጨዋታውንም አሸነፈች። ማታ የተሸናፊዋ ወንድም በስልኩ የቀረጸውን ቴሌግራም ላይ ለቀቀው። ሻትሏ (ባለ ላባዋ ኳስ) ለከፍታ መለኪያ ከወጠርኩት ክር በላይ ትታያለች። «ዳኛው አዳላ» ተባለ። እንቅልፍ አጣሁ።

ክሩ የራሴ ሥራ ነው። ሻትሏ በምትመታበት ቅጽበት ሙሉ በሙሉ ከ1.15 ሜትር በታች መሆን አለባት። መለኪያው ስለሌለን ሁለት እንጨት አቁሜ፣ በሜትር ለክቼ ጥቁር ክር ወጠርኩ። ዝቅ ብዬ ተቀምጬ ዓይኔን ከክሩ ጋር አስተካክላለሁ። ያየሁት ከክሩ በታች ነበር። ማንን ልመን?

ከፍኖተ ሰላም፦
ጋሼ፣ አይክፋዎትና ቪዲዮ አያዳላም። በትልልቅ ውድድሮች እኮ ተጫዋቾች ካሜራ ይታይልን ይላሉ። ለልጆቹም ቢሆን ይኸው ይሻላል።

የጣና ልጅ፦
ያ ሻትሏ መስመር ላይ ማረፍ አለማረፏን ለማየት ነው። ሰርቭን አሁንም የሚፈርደው የተቀመጠው ዳኛ ነው። ድሮ ሕጉ «ከወገብ በታች» ይል ነበር። ወገብ የሚባለውም የታችኛው የጎድን አጥንት ነበር፤ ረጅሙና አጭሩ ላይ መጨቃጨቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ነው 1.15 የመጣው።

መምህር፣ ልጁ ቆሞ ነው የቀረጸው? ከሆነ ስልኩ ከክሩ በላይ ነበር። ከላይ ሲታይ፣ ከክሩ ወዲያ ራቅ ያለ ነገር ከፍ ብሎ ይታያል። የባለሙያዎቹ መለኪያ ሁለት መስመር ያለው ለዚህ ነው። ዳኛው ሁለቱ አንድ እስኪሆኑ ዓይኑን ያስተካክላል። ደግሞ ተራ ስልክ በሰከንድ 30 ምስል ነው የሚይዘው። የተመታችበት ቅጽበት በሁለት ምስል መሃል ሊያመልጥ ይችላል።

ከፍኖተ ሰላም፦
ይሄን አላሰብኩትም ነበር። ጋሼ፣ እስቲ ቆመው ይሞክሩትና ይንገሩን።

የማርቆሱ መምህር፦
ዛሬ ጠዋት ሞከርኩት። ልጅቷን ሻትሏን 1 ሜትር ከ10 ላይ አስያዝኳት። ወንበሬ ላይ ሆኜ ሳይ ላባው ከክሩ በታች ነው። ልጁ የቆመበት ቦታ ሄጄ ሳይ ከክሩ በላይ ነው። እስከ ወገቧ ዝቅ አድርጊው አልኳት። አሁንም በላይ! የሰውነቴ ፀጉር ነው የቆመው።

የኔም ጥፋት አለበት፤ አንድ ክር ብቻ መወጠር አልነበረብኝም። ሁለተኛውን ዛሬ ወጥሬያለሁ። ካሜራም ጠልቼ አይደለም። ስልክ ከመጣ ሁለቱ ክሮች አንድ ሆነው ከሚታዩበት ላይ ይቀመጥ፣ እኔም አብሬ አየዋለሁ። እግር መነቅነቁንና ሰርቭ ጀምሮ መቆሙን ግን እዚያው ያለ ሰው ማየት አለበት።

ቪዲዮው እስካሁን አልተነሳም። ልጅቷ ሥሩ የተጻፈውን ታነባለች፤ እሱ ነው የሚያንገበግበኝ። ነገ ልጁን ጠርቼ ወንበሬ ላይ አስቀምጠዋለሁ፣ ራሱ ይየው።