10 ፔሶዬ ላይ ያለው ጽሑፍ የጦርነቱ ጊዜ ነው ወይስ የትናንት?

ለምለም ዘዱባይ
ሰላም እንዴት ናችሁ? ዱባይ አንድ ሆቴል ላውንደሪ ውስጥ ነው የምሠራው። አብራኝ የምትሠራ ፊሊፒናዊት ጓደኛዬ ከእረፍት ስትመለስ ከአያቷ ሣጥን የወጣ 10 ፔሶ ሰጠችኝ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጃፓን አገራቸውን ይዛ በነበረ ጊዜ ያሳተመችው ነው፤ የጀግናቸው የሪዛል ሐውልት አለበት። ያኔ ሕዝቡ «የሚኪ ማውስ ገንዘብ» ይለው ነበር አለችኝ። ዘንቢል ሙሉ ብር ይዞ ሄዶ ትንሽ ሩዝ ይዞ መመለስ ነበር።

ከዚያ በኋላ ልክፍት ያዘኝ። ኢንተርኔት ላይ ስፈልግ ያው 10 ፔሶ ሆኖ፣ በላዩ ላይ በጥቁር ቀለም በእንግሊዝኛ «የጋራ ብልጽግናው ክልል፦ ዋጋው ስንት ነው?» የሚል የታተመበት አገኘሁ። «የጋራ ብልጽግናው ክልል» ጃፓን በእስያ የያዘቻቸውን አገሮች የምትጠራበት ስም ነበር። አሜሪካኖች በጃፓን ለማሾፍ አትመው ከአውሮፕላን የበተኑት ነው አለኝ ሻጩ። 180 ድርሃም ከፈልኩ።

ሁለቱንም ካሸር ጋ ባለችው፣ ሐሰተኛ ብር በምትለየው ሐምራዊ መብራት አየኋቸው። የኛ አንሶላ እሷ ሥር ሲገባ ሰማያዊ ሆኖ ይንቦገቦጋል። ፔሶዎቹ ግን ሁለቱም ድፍን ብለው ቀሩ። ደስ አለኝ። ለጓደኛዬ ሳሳያት ግን «ፊደሉ የኛን የምሳ ሜኑ ይመስላል» ብላ ሳቀችብኝ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ምን ትላላችሁ?

ደግሞ አትቆጡኝ፣ ሲደርሰኝ ተጨማዶ ስለነበር ነጭ ናፕኪን ከላይ አድርጌ ተኮስኩት።

ጭሱ
«ብልጽግና» የሚለውን ሳይ ደንግጬ ስልኬን ልዘጋ ነበር። የጃፓን ነው ለካ 😂

አባ ሳንቲም
ልጄ፣ ተኮስኩት?! የድሮ ብር አይታጠብም፣ አይተኮስም። መጨማደዱ የዕድሜው ምስክር ነው። በይ አንዴ ሆኗል።

መብራቱ የነገረሽ ስለ ወረቀቱ ብቻ ነው። ወረቀቱ የድሮ ይሁን፣ ጽሑፉስ? እኔ ፒያሳ አካባቢ አሮጌ ሳንቲምና ብር ስገዛ ስሸጥ ነው ያረጀሁት። ጣሊያን እኛ ጋ በነበረ ጊዜ ሊሬው ላይ «ሰሪዬ ስፔቻሌ አፍሪካ ኦሪየንታሌ ኢታሊያና» የሚል ተጨማሪ ጽሑፍ የታተመበት ነበር፤ 1938 እና 1939 የሚል አለበት፣ በፈረንጆቹ። ያ ጽሑፍ ያለበት ከሌለበት በጣም ይወደዳል። እናም አንዱ ተራውን ሊሬ ወስዶ ጽሑፉን ራሱ ጨምሮበት ሸጠልኝ። ሊሬው የእውነት ነበር። የተበላሁት በቀለሙ ነው።

ማርትሬዛ ላይ፣ የኦስትሪያዋ ንግሥት ምስል ያለበት የድሮው የብር ሳንቲም ላይ፣ እንዲህ ያለ ነገር ማንም አያስጨንቀውም ነበር። በፈረንጆቹ በ1935 ሮም፣ በ1936 ለንደን ሲመቱት ሁሉም ላይ 1780 ብለው ነው የጻፉት። ብሩ ብር ነዋ! ወረቀት ግን ታሪኩ ሲወሰድበት ምንም አይቀረውም።

የቨርጂኒያው
አባ ትክክል ናቸው። መብራቱ የሚይዘው ወረቀት የሚያነጣውን ኬሚካል ነው። እሱ ደግሞ የተለመደው ከጦርነቱ በኋላ ነው። የላውንደሪ ሳሙናችሁም ውስጥ አለ፤ አንሶላው የሚያበራው ለዚያ ነው። ስለዚህ ዛሬ በፕሪንተር ሙሉ በሙሉ የተሠራ ኮፒ አይደለም ማለት ይቻላል።

ችግሩ ባዶው ፔሶ ርካሽ መሆኑ ነው። ጃፓን ያሳተመችው ለጉድ ነው። ጽሑፉን የጨመረው የአሜሪካኑ ጄኔራል ማክአርተር የሥነ ልቦና ጦርነት ክፍል ነው። ጦሩ የፊሊፒንስ ደሴት ሌይቴ ላይ በጥቅምት 1944 እ.ኤ.አ. ነው የወረደው፣ የማኒላ ውጊያ ደግሞ በመጋቢት 1945 አለቀ። እንግዲህ አጭበርባሪው መሥራት ያለበት አንድ መስመር ጽሑፍ ብቻ ነው። ብሩን ጃፓን ሠርታለታለች።

እነዚህን እይልኝ። መጀመሪያ ፊደሉን። ጓደኛሽ ሜኑ ያለችው ቀልድ አይደለም። ኤሪያል የሚባለው የኮምፒውተር ፊደል ከሆነ አለቀ፤ ኤሪያል የተሠራው በ1982 እ.ኤ.አ. ነው። ቀጥሎ የስልክሽን ካሜራ አስጠግተሽ የፊደሎቹን ጠርዝ ተመልከቺ። የማተሚያ ቤት ቀለም ወረቀቱ ውስጥ ይሰርጋል። የሌዘር ፕሪንተር ዱቄት ግን ላዩ ላይ ነው የሚቀመጠው። ወረቀቱን ወደ ብርሃን ጋደል ስታደርጊው ያብለጨልጫል፣ ዙሪያውንም ጥቃቅን ነጥቦች ይበተናሉ። እጥፋቱንም እይው። ብሩ አርጅቶ ከተሰነጠቀ በኋላ የተጨመረ ጽሑፍ ስንጥቁ ውስጥ ይገባል። ይሄኛው ግን ብቻውን አይፈርድም፤ ያኔም ያገለገለ ብር ላይ ታትሞ ሊሆን ይችላል።

አሁን ዋናው። ተኮስኩት ያልሽበት ናፕኪን የት አለ? የፕሪንተር ዱቄት ፕላስቲክ ነው፣ በሙቀት ይቀልጣል። የ1945 ቀለም በካውያ አይነሳም።

ለምለም ዘዱባይ
ኧረ ጉድ! አገኘሁት። መደርደሪያው ላይ ከሚታጠፉት ጋር ተቀላቅሎ ነበር፤ አሥራ አምስት ናፕኪን ገልብጫለሁ።

መሐሉ ላይ ግራጫ ጥላ አለ። መጀመሪያ ቆሻሻ መሰለኝ። መስታወት ፊት ሳቆመው የመጨረሻው ቃል ከነጥያቄ ምልክቱ ቁልጭ ብሎ ተነበበ። የቀረው ደብዝዟል።

ፔሶውንም በካሜራ አየሁት። ፊደሎቹ ዙሪያ ጥቁር አዝሙድ የተበተነ ነው የሚመስለው። የጓደኛዬን ባዶ ፔሶ ጎኑ አድርጌ ሳይ የዚያኛው ቀለም ወረቀቱ ጠጥቶታል፣ ቃጫው መሐል ይታያል። የእኔ ጽሑፍ ላዩ ላይ ተንሳፍፏል። ይህን ካየሁ በኋላ እንኳን ዓይኔ፣ ጣቴም የሚያውቀው መሰለኝ።

ለሻጩ ጻፍኩለት። «እኔም ገዝቼው ነው፣ አላወቅኩም» አለ። ግማሹን እመልሳለሁ ብሏል። እስኪመልስ እናያለን።

ጭሱ
ስለዚህ ዋጋው ስንት ነው ለሚለው መልሱ 90 ድርሃም ሆነ ማለት ነው።

አባ ሳንቲም
ልጄ፣ መተኮሱን የተቆጣሁትን ተወት አድርጊው። ያኛውን የአያትየዋን ግን ካውያ አታስነኪው፣ ጠፍጣፋ ፕላስቲክ ውስጥ አድርገሽ ከፀሐይ አርቂው።

ለምለም ዘዱባይ
እሺ አባ። ናፕኪኑንስ? የሆቴሉ ነው፣ ሱፐርቫይዘሬ ብታየው አለቀልኝ። ልጠበው?

አባ ሳንቲም
ዋጋውን ክፈያቸውና ያንቺ አድርጊው። ከፔሶው ጋር አንድ ላይ አስቀምጪው።