ስለ ምሕረት እየሰበኩ የቁጣ ድምፅ ማሰማት፦ መፍትሔው ምንድን ነው?

ጀማሪ_ሰባኪ፦
ሰላም ለእናንተ ይሁን። ስብከቱ ስለ ምሕረት ሆኖ ሳለ ምእመናን «ዛሬ ተቆጡን» እያሉ የሚወጡት ለምንድን ነው? ድምፅን ዝቅ ማድረግ ይበቃል? በ20ኛው ደቂቃ አካባቢ ድምፅ የሚሰልለውስ?

ሰሚ_ጆሮ፦
አይበቃም፤ በለሆሳስም መቆጣት ይቻላል። ቃናውን የሚወስነው ምንባቡ ነው። ማቴዎስ 23 «ወዮላችሁ» እያለ ይወርድና ቁጥር 37 ላይ «ኢየሩሳሌም ኢየሩሳሌም ሆይ» ሲል ተግሣጹ ወደ ሐዘን ይዞራል። ሁለቱንም በአንድ ጩኸት የሚያነብ ሰው የክርስቶስን ሐዘን ከመልእክቱ ያወጣዋል። ጳውሎስም በገላትያ 4፥20 አጠገባቸው ሆኖ ድምፁን መለወጥ ተመኝቷል። ምንባቡን ቀደም ብለህ ጮክ እያልክ ሦስቴ አንብበው፤ ስሜቱ የሚታጠፍበት ላይ በእርሳስ ምልክት አድርግ።

ከማይክ_ጀርባ፦
ሰው ሲጮህ ድምፁ ይጎላል፣ ይቀጥናልም፤ አንገቱ ይገተራል። ሰሚ ቁጣ የሚመስለው ያ ቅጥነት ነው፤ የሚያሰልለውም ያው መገተር። ትከሻ ሳይነሳ ከሆድ ተንፍስ፤ አየሩ እስኪያልቅ ሳትጠብቅ ሐረጉ ሲያልቅ ሳብ። ማይኩን ከአፍህ 10–15 ሴንቲሜትር አርቀህ ትንሽ ወደ ጎን አዘንብለው፤ ፊት ለፊት ከሆነ «ፐ» ይፈነዳል። ወደ ሰባኪው የዞረ ሞኒተር (የራሱን ድምፅ መልሶ የሚያሰማው ስፒከር) መኖሩንም አረጋግጥ፤ ራሱን የማይሰማ ሰው ሳያውቀው ይጮኻል። የሰለለ ድምፅ በሹክሹክታ አያርፍም፤ የሚያሳርፈው ዝምታ ነው።

ላልቶ_ጠብቆ፦
በአማርኛ ግሱ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው፤ አሉታውም እዚያው። «እግዚአብሔር ሕዝቡን አይተውም» ሲባል ድምፁ መጨረሻው ላይ ከወደቀ ኋላ የተቀመጠው ሰው ተስፋው ሳይደርሰው ይቀራል። ችኮላ ደግሞ ማጥበቅና ማላላትን ይውጣል፦ «እግዚአብሔር አለ» ሲል «ለ» ከላላ ተናገረ፣ ከጠበቀ ይኖራል ማለት ነው። (ዜማ ያለው የስብከት ድምፅ የሚባለውም ብዙ ጊዜ ይህንኑ ያበላሻል፤ ሁሉንም ግስ በአንድ ምት ይዘጋዋልና።) ከከባድ ዐረፍተ ነገር በኋላ 2 ወይም 3 ሰከንድ ዝም በል።

ጀማሪ_ሰባኪ፦
ምንባቡ ራሱ ተግሣጽ ከሆነስ?

ሰሚ_ጆሮ፦
ድምፁን ከፍ ከማድረግ ፍጥነቱን ቀንስ። «እናንተ» የሚለውም ላይ አትጫን፤ ክብደቱ ኃጢአቱን በሚጠራው ቃል ላይ ይሁን። ለመፈተን ስብከቱን በስልክ ቅዳውና ስልኩን ሌላ ክፍል አድርገህ በሩን ዝጋ፤ ቃላቱ አይለዩም፣ ቃናው ግን ይሰማል። ጠብ ከመሰለ፣ ምእመናኑም የሰሙት እሱኑ ነው።