የጥፍር ፈንገስ መድኃኒቱ ቆዳዬን አቃጠለው

የቀኝ እግሬ አውራ ጣት ጥፍር ቢጫ ሆኖ ወፍሯል። ተመርምሬ ፈንገስ ነው ተባልኩና እንደ ጥፍር ቀለም የሚቀባ ሲክሎፒሮክስ 8 ፐርሰንት ታዘዘልኝ። ማታ ማታ እቀባለሁ፣ በሳምንት አንዴ በአልኮል እጠርገዋለሁ። ከሥር የሚወጣው አዲስ ጥፍር ንጹሕ ነው፤ መተው አላማረኝም።

ችግሩ ቆዳው ነው። የጥፍሩ ዙሪያ ቀልቷል፣ ያቃጥላል። ሰሞኑን ደግሞ ውኃ የቋጠሩ ትንንሽ ነገሮች ወጡበት። ቀኑን ሙሉ ሴፍቲ ጫማ ስለማደርግ፣ ሲፋተግማ አያድርስ ነው! ዙሪያውን ቫዝሊን ቀብቼ ሞከርኩ፣ ለውጥ የለም። ሳቆም ይሻለኛል፣ ስጀምር ያገረሽብኛል። ፋርማሲስቱ «ይለመዳል» ብሎ ሸኘኝ፤ ውኃ የሚቋጥር ነገር እንዴት እንደሚለመድ እንጃ። ስኳር የለብኝም፣ ሌላ መድኃኒትም አልወስድም።

የገጠማችሁ ወይም ሙያው ያላችሁ፣ ቆዳው እስኪድን አቁሜ በዚሁ ልቀጥል ወይስ ሐኪሙ ሌላ እንዲቀይርልኝ ልጠይቅ?