ስልኩ ይጠራል፣ የሞጆው ድምፅ ግን አዳማ አይደርስም

ሰላም ለሁላችሁ። አዳማ ያለው ቢሯችንና ሞጆ ያለው መጋዘናችን አንድ ፒቢኤክስ (የቢሮ ስልኮችን እርስ በርስ የሚያገናኝ መሣሪያ) ይጋራሉ። ፒቢኤክሱ 192.168.10.0 ኔትወርክ ላይ፣ የአዳማ ስልኮች 192.168.30.0 ላይ፣ የሞጆዎቹ ደግሞ 192.168.20.0 ላይ ናቸው፤ ሁሉም 255.255.255.0 ማስክ አላቸው። ፒቢኤክሱ ላይ ወደ 20 (ሞጆ) እና ወደ 30 (አዳማ) የሚወስዱ ስታቲክ ሩቶች (ቋሚ መንገዶች) በእጄ አስገብቻለሁ።

ወደ ሞጆ ስደውል ይጠራል፣ ይነሳል። መጋዘን ጠባቂው እኔን ጥርት አድርጎ ይሰማኛል፤ እኔ ግን ትንፋሹን እንኳ አልሰማም። ምስኪኑ በሞባይል መልሶ ደውሎ «ሰማሁህ እኮ!» ይለኛል። ጥሪውን የሚያገናኘው ፒቢኤክሱ ቢሆንም፣ ድምፁ ከስልክ ወደ ስልክ በቀጥታ እንዲሄድ ተደርጓል። ስለዚህ የጠረጠርኩት የመልስ መንገዱን ነው፤ የሞጆው ራውተር የመንገድ ሠንጠረዥ ላይ 10 (የፒቢኤክሱ) አለ፣ 30 ግን የለም።

አዳማ ባለው ራውተርና በፒቢኤክሱ ላይ ሪፕ (RIP፣ ራውተሮች የሚያውቁትን መንገድ እርስ በርስ የሚነጋገሩበት ፕሮቶኮል) ቨርዥን 2ን ከፈትኩ። ሪፕ በየ30 ሰከንዱ መንገዶቹን ያሰራጫል ቢባልም ሞጆ ላይ ምንም አልታየም። በመካከል ያለው የኪራይ መስመር ሪፕን ላያሳልፍ ይችላል? ወይስ ሪፕን ዘግቼ ሞጆ ላይም ወደ 30 የሚወስድ ስታቲክ ሩት ልጻፍ? ለሦስት ኔትወርክ ሪፕ መክፈት የበዛ ይመስለኛል፤ አለቃዬ ግን ሌላ ቅርንጫፍ ሊከፍት ስላሰበ ዳይናሚኩን፣ ማለትም ሪፕን፣ ይመርጣል። ሁለቱን ማደባለቅስ ችግር ያመጣል? የሠራበት ሰው ካለ እባካችሁ።