ብልቴ ደንዝዟል፣ የሞተር ወንበሩ ነው መሰለኝ። የትኛው ሐኪም ነው የሚያየው?

ሞተረኛው፦
ሰላም ወገን፣ አስቸኳይ ስለሆነ ቀጥታ ልግባ። ብልቴ ስሜት የለውም። ይቆማል፣ ችግሩ እሱ አይደለም። ስነካው ግን ጥርስ ሊነቅሉልህ ሲሉ የሚወጉህ ማደንዘዣ ገና ሳይለቅህ ከንፈርህን እንደምትነካው ነው። እጄ ይሰማዋል፣ እሱ አይሰማውም። ሥራዬ ዕቃ ማድረስ ነው፣ ቀኑን ሙሉ ሞተር ላይ ነኝ። የወንበሩ ስፖንጅ ደግሞ አልቆ ብረቱ ነው የቀረው። ሰርጌ ከፋሲካ በኋላ ነው። ወይ ወንበር የሚሠራ ሰው ጠቁሙኝ ወይ የትኛው ሐኪም ጋ እንደምሄድ ንገሩኝ። የቆዳ ነው የሽንት? ደግሞ የሚቀልድ ሰው ባይመጣ ደስ ይለኛል።

የመርካቶ ልጅ፦
ስፖንጅ ከሆነ ሸራ ተራ ጎራ በል፣ እዚያው ቆመህ ቀይረው ይሰጡሃል። ሰርጉን ግን እንዳትረሳን።

ባህላዊ በቤታችን፦
ጥቁር አዝሙድ ዘይት በማር። ጠዋት በባዶ ሆድ። አለቀ።

አባ ምክር፦
ልጄ፣ ይህ የዘመኑ ልጆች ጣጣ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ስልክ ላይ አፍጥጣችሁ የማይታይ እያያችሁ፣ ጫት እየቃማችሁ፣ ጾም ሲመጣ እየሸሻችሁ፣ ከዚያ አካሌ ከዳኝ ትላላችሁ። በእኛ ጊዜ በእግራችን እንሄድ ነበር፣ ሞተርም አልነበረን፣ እንዲህ ያለ በሽታም አልሰማንም። መጀመሪያ ንስሐ ግባ፣ ጸበል ተጠመቅ፣ ሌላው ይከተላል።

ሲስተር መ፦
አባ፣ ጸበሉም ይደርሳል፣ እኔ ግን ቀድሞ የሚጠየቅ አለኝ። ሞተረኛው፣ አሁኑኑ መልስልኝ። ወገብህን ያምሃል? ሕመሙ ወደ እግርህ ይወርዳል? ሽንትህ እንደ ድሮው ይወጣል ወይስ እየቆምክ ትጠብቃለህ? ሰገራ ሳታውቀው አምልጦህ ያውቃል? እግሮችህ ዝለዋል? የደነዘዘው ብልትህ ብቻ ነው ወይስ በፊንጢጣ ዙሪያና በጭንህ መሐልም ጭምር? ከእነዚህ አንዱ እንኳ አዲስ ከሆነ ወንበሩንም ቀጠሮውንም እርሳው፣ ዛሬ ማታውኑ ድንገተኛ ክፍል ሂድ። የወገብ ዲስክ ወጥቶ ታችኛውን የነርቭ ጥቅል ሲጫነው እንዲህ ያደነዝዛል። እሱ በሰዓታት የሚቆጠር ነው፣ ከዘገየ ሽንት መቆጣጠር እንኳ ላይመለስ ይችላል።

ሞተረኛው፦
ሲስተር አስደነገጥሽኝ። ወገቤን ያው እንደ ማንኛውም ሞተረኛ ማታ ማታ ይደክመኛል እንጂ አያመኝም። ሽንት ሰላም ነው። ሌላው ቦታ እንዴት ነው የማውቀው?

ሲስተር መ፦
ጥጥና ውኃ ውስጥ የቀዘቀዘ ማንኪያ ያዝ። ዓይንህን ጨፍነህ በሁለቱም ጭኖችህ መሐል፣ በቆለጥህ ላይ፣ ወደ ኋላ በፊንጢጣህ ዙሪያ ንካ። ግራና ቀኙን አወዳድር። ሐኪምን አይተካም፣ ግን ዛሬ ማታ ትሮጣለህ ወይስ ነገ በሰላም ትሄዳለህ የሚለውን ለማወቅ ይረዳናል።

ቢኒ ባጃጅ፦
እኔ ግን ወንበር ነው የሚለው አይዋጥልኝም። ሞተር ላይ ስንት ዓመት ኖሬያለሁ፣ ቂጥ ይደነዝዛል፣ ወርደህ ትንሽ ስትራመድ ይለቅሃል። ደግሞ ከቆመ ምኑ ነው ችግሩ? አእምሮህ ነው። የሰርግ ጭንቀት ነው።

ባህላዊ በቤታችን፦
ጥቁር አዝሙድ ዘይት በማር። እኔ ጋ ኦሪጅናሉ አለ፣ በውስጥ ጻፉልኝ።

ፋርማሲስት ነኝ፦
ቢኒ ግማሹን ልክ ነህ። ከመቀመጫ አጥንት ጎን የሚያልፍ ፑደንዳል የሚባል ነርቭ አለ፣ የብልትን ስሜት የሚያመጣው እሱ ነው። ቀጭን ኮርቻ ላይ ብዙ ሰዓት የሚቀመጡ ብስክሌተኞች ላይ ይጫንና ያደነዝዛል። ግን አብዛኛውን ጊዜ ከኮርቻው ሲርቁ ይመለሳል። «ከቆመ ምን ችግር አለ» ያልከው ላይ ግን አልስማማም። መቆም የደም ጉዳይ ነው፣ መሰማት የነርቭ ነው፣ አንዱ ደህና ሆኖ ሌላው ሊበላሽ ይችላል። ለዚህ ነው ቪያግራ ለዚህ ችግር የማይሠራው። ሞተረኛው፣ እሁድ እረፍትህ ላይ ይሻልሃል? ስኳር አለብህ? የምትወስደው ወይም በቅርብ ያቆምከው መድኃኒት አለ? ምንም ይሁን ጻፈው፣ የፀጉር መሳሳትም ቢሆን፣ የእንቅልፍም ቢሆን።

ሞተረኛው፦
ሲስተር፣ ሞከርኩት። ጭኔ ደህና ነው፣ የኋላው ደህና ነው። ብልቴ ላይ ብቻ ቅዝቃዜውን ዘግይቼ ነው የማውቀው፣ ጥጡን ጭራሽ አላውቀውም። ፋርማሲስት፣ እሁድም ያው ነው። በዓል ላይ ሞተር ሳልነካ ከርሜም ያው ነበር። ስኳር ተመርምሬ አላውቅም። መድኃኒት ምንም አልወስድም። ባለፈው ዓመት አባቴ ሲሞት እንቅልፍ እምቢ ብሎኝ ለጭንቀት የሰጡኝ ነበር፣ ሰርትራሊን። ደህና ስሆን በራሴ አቆምኩት። እሱ ከዚህ ጋር ምን አገናኘው?

ቢኒ ባጃጅ፦
ኧረ ይኼን ከመጀመሪያው አትናገርም!

ፋርማሲስት ነኝ፦
መገናኘቱ የማይቀር ባይሆንም ሊገናኝ ይችላል። ሰርትራሊን፣ ፍሎክሲቲን፣ ፓሮክሲቲን፣ ኤሲታሎፕራም ሁሉም ሴሮቶኒን በሚባለው የነርቭ መልእክት አስተላላፊ ኬሚካል ላይ ነው የሚሠሩት። እየወሰዱ ሳለ የወሲብ ፍላጎት መቀነስ፣ እርካታ ላይ ለመድረስ መዘግየትና የብልት መደንዘዝ የታወቀ ነው። ብዙ ሰው ላይ ሲቆም ይለቃል። አንዳንዱ ላይ ግን ካቆመም በኋላ ይቀራል፣ በእንግሊዝኛ ምሕጻረ ቃሉ ፒ.ኤስ.ኤስ.ዲ. ይሉታል። የአውሮፓ መድኃኒት ኤጀንሲ በ2019 እ.ኤ.አ. ይኼ በማሸጊያው ወረቀት ላይ እንዲገባ ወስኗል፣ ካናዳም በ2021 ተከትላለች። ምክንያቱ ገና አልተለየም፣ የተረጋገጠ ማዳኛም የለውም። በጊዜ ብዛት የተሻላቸው ሰዎች ግን አሉ። ስለዚህ «አድናለሁ» ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅህን ሁሉ እለፈው፣ ከላይ ዘይት የሚሸጠውንም ጨምሮ።

መድኃኒቱ ነው ብለን ደግሞ ሌላውን አንዝለል። ስኳር፣ ቫይታሚን ቢ12፣ የታይሮይድና የቴስቶስትሮን ሆርሞን ተመርመር። የነርቭ ሐኪም ጋ ሂድ፣ የሽንት ሐኪም ጋም ብትጀምር ይመሩሃል። የቆዳ ግን አይደለም። መደንዘዙ የጀመረው መድኃኒቱን ከመጀመርህ በፊት ነው ወይስ በኋላ የሚለውን አስታውሰህ በወረቀት ጻፍ፣ ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቅህ እሱን ነው። ሰርትራሊኑንም «ልሞክረው» ብለህ በራስህ እንዳትጀምረው።

ባህላዊ በቤታችን፦
ዘይቱን ያልሞከረ አይናገር።

ቨርጂኒያ ነኝ፦
ዝም ብዬ ሳነብ ነበር። እኔ ከዚህ ጋር ዓመታት ኖሬያለሁ፣ መድኃኒቱም ያው ነው። እዚህ አሜሪካ መጀመሪያ ያየኝ ሐኪም «ጭንቀትህ ተመልሶ ነው» ብሎ ዶዙን ሊጨምርልኝ ነበር። ለየትኛውም ሐኪም ስትናገር «ስንፈተ ወሲብ አለብኝ» አትበል፣ ሰምቶ ሳይጨርስ ቪያግራ ይጽፍልሃል። «ቆዳው አይሰማኝም፣ እርካታውም ባዶ ነው» በለው። ሙሉ በሙሉ አልተመለሰልኝም፣ የሞቀና የቀዘቀዘ መለየት ግን ጀምሬያለሁ። በየሰዓቱ እየነካሁ መፈተሽ ስተው ትንሽ ቀለለኝ። እሱ ነገር ሰውን ያሳብዳል፣ ሥራ ቦታ እንኳ ሽንት ቤት እየገባሁ ነበር የምፈትሸው። እና ለእጮኛህ ከሰርጉ በፊት ንገራት። እኔ ለባለቤቴ ደብቄ እሷ ሌላ ሴት የያዝኩ መስሏት ሽማግሌ እስከመሰብሰብ ደርሰን ነበር። ሽማግሌዎቹ ፊት ምን ብዬ ላስረዳ!

አባ ምክር፦
ይህን እኔም አላውቅም ነበር። ልጄ ታከም። ጸበሉን ግን አትተው።

የመርካቶ ልጅ፦
ስፖንጁንም ቀይረው፣ ለወገብህ። ደግሞ ሰርግ ላይ ማንም አይፈትሽህም፣ ተረጋጋ።

ሲስተር መ፦
ሞተረኛው፣ ሽንትህ ከተቀየረ ወይም መደንዘዙ ወደ ኋላ ከተስፋፋ ቀጠሮ አትጠብቅ፣ ያው እንዳልኩህ ነው። ሌሊት ላይ የባሰ ነገር ከመጣብህና መኖር ካስጠላህም እንደዚያው፣ ብቻህን አትሁን።

ሞተረኛው፦
ሰኞ ሞተሩን ለጓደኛዬ ሰጥቼ እሄዳለሁ። የጀመረኝ መድኃኒቱን በጀመርኩ ሰሞን ነው መሰለኝ፣ ያኔ ልብ አላልኩትም፣ ሐዘን ላይ ነበርኩ። ለእሷ እንዴት እንደምጀምረው ነው የጨነቀኝ።

ቢኒ ባጃጅ፦
ሞተረኛው፣ ሰኞ አልፎ ሌላ ሰኞ መጣ። ምን አሉህ?

ቢኒ ባጃጅ፦
የት ጠፋህ?

ማህሌት፦
ይቅርታ መሐል ገባሁ። እኔ ኤሲታሎፕራም ላይ ነኝ፣ ይኼ ነገር ሴት ላይም ይመጣል? ዛሬ ላቁመው?

ፋርማሲስት ነኝ፦
ሴት ላይም ይመጣል። ዛሬ ግን እንዳታቆሚው እህቴ፣ በአንዴ ሲቆም ማዞር፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ጭንቅላት ውስጥ ኮረንቲ እንደሚይዝ ዓይነት ነገር ያመጣል፣ የታከምሽለት ድብርትም ሊያገረሽ ይችላል። የሚሰማሽን ለሐኪምሽ ንገሪ፣ ዶዝ መቀነስም መቀየርም ይቻላል። ሪፖርት እንዲያደርግልሽም ጠይቂው፣ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን የመድኃኒት ጎንዮሽ ጉዳት መዝግቦ ይይዛል፣ ካልተነገረው ግን አያውቅም። አሁን የምትወስጂው ስንት ሚሊግራም ነው?