እንሶስላዬ በአንድ ሌሊት ተጋደመ፤ ሥሩን እንዴት ላድነው?

የለቡ እናት (ሐምሌ 11)፦
ጤና ይስጥልኝ። በጥር ለምትዳረው ልጄ ሥሩ እጅና እግር ማቅለሚያ እንዲሆናት ብዬ በሚያዝያ በጓሮዬ ከተከልኩት አሥራ ሁለት እግር እንሶስላ ሰባቱ ዛሬ ጠዋት መሬት ላይ ተጋድሞ አገኘሁት። ትናንት ከወገቤ በላይ ደርሶ ነበር፤ ሁለቱ እግርማ እንቡጥ ይዟል። ከሰኞ ጀምሮ ቅጠሉ ሲጠወልግ ስላየሁ ውኃ አንሶት ነው ብዬ ጠዋትና ማታ አጠጣሁት፤ ግን ባሰበት። የሚረጭ መድኃኒት ካለ ሱቁ ሳይዘጋ ሄጄ እንድገዛ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ።

የችግኝ ወዳጅ፦
እህቴ፣ አይደንግጡ። እንሶስላ ሁለት ሜትር የሚደርስ፣ ግንዱም ውኃ የቋጠረ ተክል ስለሆነ የሐምሌ ዝናብና ነፋስ በቀላሉ ይጥለዋል። ለእያንዳንዱ እግር አንድ የባሕር ዛፍ እንጨት ይትከሉና በጉልበትና በወገብ ከፍታ ላይ በጨርቅ ላላ አድርገው ይሰሩት። ሲባጎ ግንዱን ስለሚቆርጠው አይጠቀሙበት።

የኮተቤ ሰው፦
ቀንድ አውጣ ነው የሚበላው። በሥሩ ዙሪያ አመድ ይነስንሱ፤ እኔ አምና በአመድ ነው ያዳንኩት።

የጎጃም ልጅ፦
ውኃ በዝቶበት ነው የሚል ሰው ሳይመጣ አስቀድሜ ልናገር። እንሶስላ የውኃ ዳር ተክል ነው። እኔ ባደግሁበት አካባቢ ከምንጩ በታች፣ በሾላው ጥላ ሥር፣ እግር በሚያሰምጥ መሬት ላይ ማንም ሳይንከባከበው ከሰው ቁመት በላይ ይበቅል ነበር፤ ሲመሽ የነጩ አበባ መዓዛ እስከ መንገዱ ድረስ ይመጣል። ይልቅስ በሚያዝያ የተተከለ እንሶስላ ለጥር ሠርግ ይደርሳል ያለዎት ማን ነው? በእኛ ቤት እናቴ የምትቆፍረው ሁለትና ሦስት ክረምት ያለፈበትን ሥር ነበር፤ የመጀመሪያው ዓመት ሥር የአንዲት ሙሽራን እጅና እግር ለማቅላት አይበቃም።

የመሬት ነገር፦
የጎጃም ልጅ ያሉት ስለ ምንጩ ዳር እውነት ነው፤ ነገር ግን እርጥብ መሬትና ውኃ የተኛበት መሬት አንድ አይደሉም። በምንጭ ዳር ያለው ውኃ እየተንቀሳቀሰ ያልፋል፤ አፈሩም ለዓመታት የረገፈ ቅጠል የተቀላቀለበት ልል አፈር ነው። ለቡ ግን አብዛኛው መሬት መረሬ የሚባለው ጥቁር የሸክላ አፈር ነው። መረሬ በበጋ ተሰነጣጥቆ እጅ ያስገባል፤ በክረምት ደግሞ አብጦ ስንጥቁን ስለሚደፍን ውኃው መውረጃ ያጣል። በአፈሩ ውስጥ የነበረውን የአየር ቦታ ውኃ ሲይዘው ሥሩ ይታፈናል፤ የታፈነ ሥር ውኃ መሳብ ስለማይችል ተክሉ በውኃ መካከል ቆሞ ይጠወልጋል። ይህን ያየ ሰው ተክሉ የተጠማ መስሎት ይጨምርለታል፤ እህታችንንም ያሳሳታቸው ይኸው ይመስለኛል። በተዳከመው ሥር ላይ ደግሞ እንደ ፒቲየም ያሉ እርጥበት ወዳድ ረቂቅ ሕዋሳት ገብተው ያበሰብሱታል።

በሰሜን ሸዋ የእነዋሪ ገበሬዎች ይህን ጠባይ ጠንቅቀው ስለሚያውቁ የመረሬ ማሳቸውን በእጃቸው ከፍ ያለ መደብና ቦይ አድርገው ይሠሩታል፤ ሰብሉ በመደቡ ላይ ይበቅላል፣ የተረፈው ውኃ በቦዩ ይሄዳል። ሥራው ብዙ ጉልበት ስለሚጠይቅ ቤተሰቡ በሙሉ ይሰለፍበታል። ለአሥራ ሁለት እግር እንሶስላ ግን የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው፤ አንድ ክንድ ያህል ከፍ ያለ መደብ ይበቃል።

ባለ ጥላው ጓሮ፦
እህቴ፣ መድኃኒት ከመግዛትዎ በፊት አንድ ነገር ያድርጉ። የወደቀውን ግንድ ከአፈሩ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ላይ በአውራ ጣትዎ ጫን ይበሉት። ጠንካራ ከሆነና የተሰበረው ከላይ ከሆነ ነፋስ ነው፤ የችግኝ ወዳጅ ያሉት ድጋፍ ይበቃዋል። ቡናማ ሆኖ ጣትዎ ከገባበትና ከሸተተ ግን ብስባሴ ነው። ቀንድ አውጣ ከሆነ ደግሞ ቅጠሉ የተቦረቦረ ይሆናል፤ በግንዱም ላይ የሚያብለጨልጭ ዝልግልግ ዱካ ያያሉ። አፈሩ ምን ዓይነት እንደሆነ፣ ፀሐይ ስንት ሰዓት እንደሚያገኝና ምን ማዳበሪያ እንደጨመሩም ይንገሩን።

የለቡ እናት፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ወጥቼ ነካሁት፤ በአምስቱ እግር ላይ ጣቴ ገባ፣ ሽታውም እንደ ረጋ ኩሬ ነው። ሁለቱ ግን ከሥራቸው ጠንካራ ናቸው፤ ወገባቸው ላይ ነው የተሰበሩት። አፈሩ ጥቁር ነው። ቦታው ከአቮካዶው ሥር ሆኖ የጠዋት ፀሐይ ብቻ ያገኛል። ከልብስ ማጠቢያው የሚወጣው ውኃም በዚያው በኩል ያልፋል፤ ጥላና እርጥበት ይወዳል ስለተባልኩ ሆን ብዬ ነው እዚያ የተከልኩት። በሰኔ መጨረሻ ትኩስ እበት ጨምሬበታለሁ።

ባለ ጥላው ጓሮ፦
እንግዲህ ነገሩ ግልጽ ሆነ። የጠዋት ፀሐዩና ጥላው መልካም ነው፤ አይንኩት። ጉዳት ያደረሰው የተኛው ውኃ ነው፤ የሳሙናው እጣቢና ትኩሱ እበት ደግሞ አባብሰውታል። እበት ሳይብላላ ሲጨመር ግንዱ ረጅምና ለስላሳ ሆኖ ያድጋል፤ ብስባሴም በቀላሉ ይገባበታል። የበሰበሰ ሥርን የሚያድን የሚረጭ መድኃኒት ስለሌለ ገንዘብዎን አያውጡ።

ዛሬውኑ ማጠጣቱን ያቁሙና የእጣቢውን ውኃ በሌላ አቅጣጫ ይቀይሱት። አምስቱን እግር ሥሩ ሳይቆረጥ በጥንቃቄ ቆፍረው ያውጡ። ሥሩን ሰንጥቀው ሲያዩት የውስጡ ቀለም ደማቅና ጽኑ የሆነውን ክፍል ያስቀሩ፤ የላሸቀውን ሁሉ በበረኪና በተጠረገ ቢላ ቆርጠው ከጓሮ ያርቁ፣ ወደ ብስባሽ ጉድጓዱም አይጨምሩት። የቀረውን ቁስሉ እስኪደርቅ ድረስ ሁለት ቀን በጥላ ካሰነበቱ በኋላ በአዲሱ መደብ ላይ ይትከሉት።

ከዚህ የሚበልጠው ተስፋ ግን ጫፉ ላይ ነው። የእንሶስላ ግንድ ኢምፔሸንስ በሚባለው የተክል ወገን ውስጥ እንዳሉት ሌሎች ዘመዶቹ በቀላሉ ሥር ያወጣል። ከጤናማው ጫፍ አንድ ስንዝር ያህል ከአንጓው ሥር ይቁረጡ፤ እንቡጡንና የታችኛውን ቅጠል ያንሱ፤ አሸዋና የበሰለ ብስባሽ እኩል በተቀላቀለበት፣ ከታች በተበሳ ጣሳ ውስጥ ይትከሉና ዝናብ በማይመታው ጥላ ያስቀምጡት። እንቡጡን መቁረጥ እንደሚያሳዝንዎ አውቃለሁ፤ ነገር ግን ካበበ ሥር ለማውጣት የሚሆነውን አቅም ይጨርስበታል።

የኮተቤ ሰው፦
አመዱንም ቢጨምሩበት አይከፋም።

ባለ ጥላው ጓሮ፦
ወንድሜ፣ አመድ ደረቅ ሆኖ ሳለ ቀንድ አውጣን ይከላከላል። በሐምሌ ግን አንድ ዝናብ ያጥበዋል፤ ለብስባሴም አይሆንም።

የጎጃም ልጅ፦
የመሬት ነገር ያሉትን ተቀብያለሁ፤ የእኛ ምንጭ ዳር በእርግጥ ተዳፋት ነበር፣ ውኃ አይተኛበትም። እህቴ፣ ለዚህ ጥር ሥሩን ከገበያ ቢገዙ ይሻላል፤ የሚተርፉትን እግሮች ለሁለትና ለሦስት ዓመት ሳይቆፍሩ ያቆዩአቸው። በበጋ ግንዱ ደርቆ ሲጠፋ ሞተ ብለው እንዳይነቅሉት፤ ሥሩ ከመሬት ውስጥ ሆኖ ዝናብ ይጠብቃል።

የለቡ እናት፦
ከአምስቱ ሦስቱን አውጥቼ አንዱ ብቻ ግማሹ ጤነኛ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። የቀሩትን ሁለቱን ልጄ ከሥራ ስትመለስ አብረን እንቆፍራለን። ስምንት ጫፍ ቆርጬ በጣሳ ተክያለሁ።

የችግኝ ወዳጅ (ነሐሴ 6)፦
እህቴ፣ እንዴት ሆነልዎ? ከስምንቱ ጫፍ ስንቱ ሥር አወጣ?